የሐሙስ መነሻ

ጥሩወርቅ የገዛ ክፍሏ እንደተወሰደባት የሰማችው ከመጋረጃ ወሬ ነው። ሐሙስ ጠዋት ስኳር ገብቷል ተብሎ የኅብረት ሱቁ ሰልፍ ከኒሙ ዛፍ አልፎ ግንቡን ዞሮ ነበር። ፀሐዩ ገና በሁለት ሰዓት መጋረፍ ጀምሯል። ጥላ ፍለጋ ግንቡን ተጠግታ እንደቆመች፣ ከማዕዘኑ ወዲያ የኔነሽ ስታወራ ሰማች። የኔነሽ የበዛብህ ሚስት ናት፤ በዛብህ ደግሞ የባሏ የተሰማ የወንድም ልጅ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በጥሩወርቅ እጅ ያደገ።

«ሰማያዊ ሆኖ ነጭ አበባ አለው» ትላለች የኔነሽ አጠገቧ ለቆመችው። «መስኮቱ ወደ መንገድ ስለሆነ ወፈር ያለውን ነው የገዛሁት። እትዬ ጥሩወርቅ እየሰፉልኝ ነው።»

«የቱ መስኮት?»

«የእነሱ የመንገዱ ክፍል ነዋ፤ የስፌት መኪናቸው ያለበት። ጋሼ እኮ በአሻራቸው ፈርመውልናል። ከመጪው ወር ጀምሮ በበዛብህ ስም ነው።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«በዛብህ ይነግራቸዋል» አለች የኔነሽ፣ ድምፅዋን ትንሽ ዝቅ አድርጋ። «ዛሬ ነገ እያለ ነው እንጂ።»

ጥሩወርቅ ዞር ብላ አላየቻትም። ጨርቁን ባለፈው እሑድ በእጇ ተቀብላለች። የመስኮቱን ልክ ስትነግራት፣ የኔን መስኮት ያክላል ብላ ማሰቧም ትዝ አላት፤ ከዚህ በላይ ግን አላሰበችም። እንዲያውም ለዘመድ ነው ብላ ጠርዙን በእጥፍ ልትሰፋላት ወስና ነበር። አሁን ተራዋ ሊደርስ አምስት ሰው ሲቀረው ባዶ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ከሰልፉ ወጣች። ስኳር ከጠፋ ወር ሊሞላው ነው፤ ከሰልፍ መሀል ወጥቶ የሚሄድ ሰው ወይ ሰው ሞቶበታል ወይ አብዷል። ከኋላዋ ያለችው ሴትዮ ቦታውን ለመያዝ ስትፈጥን እንኳ «ምን ሆንሽ?» ማለትን አልረሳችም።

የሚኖሩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ የተባለው ሰፈር ነው፤ ዱሮ አንድ የምድር ባቡር ሹም ብቻውን ይኖርበት በነበረ፣ ከትርፍ ቤት አዋጁ ወዲህ ግን ለአራት ቤተሰብ በተከፋፈለ ቪላ። ለእነሱ የደረሳቸው ትልቁ ክፍል፣ በረንዳውና አንዲት የመንገድ በር ያላት ጠባብ ክፍል ናት። ሙሉ ኑሮዋ ያለው በዚያች ጠባብ ክፍል ነው። የልብስ ስፌት መኪናዋ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ ደንበኛ በግቢው ሳያልፍ ከመንገድ ይገባል። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የመጋላ ገበያ ሴቶች ሰፊ ቀሚስ፣ ድሪያው ሁሉ በዚያ በር ገብቶ በዚያ በር ይወጣል። የተሰማ ጡረታ የቤት ኪራይና ከሰል ከሸፈነ ትልቅ ነገር ነው፤ ሌላውን የምትሸፍነው መኪናዋ ናት። በረንዳው ላይ እንዳትሰፋ አቧራው ነጩን ጨርቅ በአንድ ቀን ያጠቁረዋል፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ደግሞ ሙቀቱ እንኳን ሰው ብረት ያቀልጣል። ይህን በዛብህ ከማንም በላይ ያውቃል። የትምህርት ቤት ቁምጣው የተሰፋው በዚያች መኪና ነው።

ስትደርስ ተሰማ እንደተወችው በረንዳው ላይ፣ ከጣቢያ በወጣችው ባለ ሽቦ ወንበሩ ተቀምጦ ነበር። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተጋድሟል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የባቡር መነሻና መድረሻ ሲቆጣጠር የኖረ ሰው ነው፤ ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ ጠዋት ጫማውን ሲያስር ቀኝ ጎኑን መትቶት ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ውሃ ማለት አልቻለም፣ ጥሩወርቅ ማለትም አልቻለም። ጥያቄ ሲጠይቁት ዓይኑን ይተክላል እንጂ ራሱን አይነቀንቅም፤ ሐኪሙም በጊዜው ይታያል ብሎ አሰናበታቸው። በሦስተኛው ሳምንት ግን፣ አንድ ንጋት ላይ ዝምታው ሲከብዳት፣ ጥሩወርቅ ሠላሳ ዓመት አልጋ ውስጥ ሆና የሰማችውን የዕለቱን ዳዊት መነሻ እንዲሁ ከአፏ አወጣችው። ተሰማ ተቀበላት። ያ ስሟን መጥራት ያቃተው አፍ አንዲት ቃል ሳይገድፍ መዝሙር በመዝሙር ላይ እየደረበ እስከ ዕለቱ መጨረሻ ወረደ። ጎረቤት ተሰበሰበ። የነፍስ አባታቸው ተአምር ነው አሉ፤ የክሊኒኩ ድሬሰር ደግሞ በልጅነት በቃል የተያዘ ነገር ሌላ ሰፈር ነው የሚቀመጠው፣ አእምሮ ተመለሰ ማለት አይደለም ብሎ ለብቻዋ ነገራት። ጥሩወርቅ ያመነችው ድሬሰሩን ነው። በየንጋቱና በየማታው መነሻውን ትሰጠዋለች፣ እሱ ይወርዳል፣ እሷ ሥራዋን ትሠራለች። ሬዲዮ እንደ መክፈት ነው።

ተሰማ ዳዊቱን የያዘው ልጅ ሆኖ ቡልጋ፣ በየኔታ አርጩሜ ሥር ነው። በባቡር ወደዚህ በረሃ ሲወርድ መጽሐፍ አልያዘም፤ አላስፈለገውም። በቃል ያለ ይረሳል በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ብለው ሲተርቱበት፣ ከአዋጁ ወዲህ «እውነታችሁን ነው፣ የተጻፈውማ ይወረሳል፤ አየን አይደል እንዴ» እያለ የጣቢያውን ሰው ያስቅ ነበር። ጓደኞቹ ሁለት ወር ታስረው ሲፈቱም፣ አብሯቸው የታሰረው ተሰማ በየቀኑ ሳይጎድል መድገሙን እንደ ትልቅ ወሬ አወሩት። እሷንም ሊያስተምራት ሞክሮ ነበር። «በአንድ ቤት ሁለት ዳዊት ምን ያደርጋል» ብላ ተወችው። የምታውቀው የየዕለቱን መነሻ ብቻ ነው፤ የሰኞን፣ የማክሰኞን፣ እንዲሁም የምሽቱን መነሻ አንዳንዱን። ከዚያ ወዲያ ያለው የእሱ ነው።

ቀበሌ ሄዳ ጸሐፊውን ስትጠይቀው የሰማችው እውነት ሆኖ ተገኘ። አሻራው አለ፣ ማኅተሙም አለ። ቅሬታ ካላት ሸንጎው ዛሬ በአሥር ሰዓት ስለሚቀመጥ ባሏን ይዛ እንድትቀርብ ነገራት። «አእምሮው አይሠራም እኮ» አለችው። ጸሐፊው ቀና ሳይል «እሱን ለሸንጎው ያስረዱ» አላት።

በምሳ ሰዓት ካልቱን መጣች። ካልቱን በዚያው ግቢ ከጓሮ በኩል ትኖራለች፤ መጋላ ጨርቅ ትሸጣለች፣ ለጥሩወርቅም ሥራ ታመጣለች። እንደ ድሬዳዋ ሰው ትልቁንም ትንሹንም «አንቺ» እና «አንተ» ነው የምትለው፤ ጥሩወርቅ መጀመሪያ ቅር ይላት ነበር፣ አሁን ሌላ ብትላት ነው የሚገርማት። ጥሩወርቅ ለተሰማ ፓስታውን በማንኪያ እየቆራረጠች ስታጎርሰው፣ ካልቱን የበረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጣ በሻሿ ጫፍ እያራገበች ነገሩን ሁሉ ሰማች።

«ሲፈርም አንቺ የት ነበርሽ?»

«ገበያ ነበርኩ ይሆናላ። ጣቱን ይዞ ቀለም ውስጥ ነክሮት ነው። እንኳን አሻራ፣ እጁን ብቆርጠው ያውቃል?»

«አያውቅማ» አለች ካልቱን። «አጎቴ ሐፊዝ ነበር፣ ሙሉ ቁርኣን። ሲያረጅ የገዛ ልጁን ሃሺን ማነህ አንተ ይለው ነበር፣ ወላሂ። ቁርኣኑ ግን ቁጭ ብሏል። ስለዚህ ሸንጎው ፊት ዳዊቱን ካለ ተበላሽ። ጤነኛ ነው ይሉሻል።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ዛሬ ሐሙስ አይደል? የሌላ ቀን ጀምሪለት። ዝም ብሎ ይከተልሻል። ያኔ ምን አእምሮ አለው ይላሉ? በዛብህም ያፍራል።»

ጥሩወርቅ የተሰማን አገጭ በፎጣ ጠረገች። «ሰው ፊት ማቅለል አይሆንም?»

«መኪናሽን አሸዋ ላይ አውጥተሽ ስትሰፊ ደግሞ አንቺ ትቀያለሽ» አለች ካልቱን። «ምረጪ።»

ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲል ሃሺ ጋሪውን ደጃፍ አቆመ። ካልቱን ስለ አጎቷ የነገረቻት ያ ሃሺ ነው፤ ትልቅ ሰው ሆኖ ጋሪ ይነዳል። ተሰማን አቅፎ አወጣው፣ ሒሳብም አልጠየቀም። በመንገድ ላይ ጥሩወርቅ የባሏን ነጠላ ደጋግማ አስተካከለች። ንጹሕ ሸሚዝ አልብሳዋለች፤ እንዲህ ለብሶ እንደ እብድ ልታስቆጥረው መሆኑን ስታስብ ቁልፉን እስከ አንገቱ መቆለፏ ራሷን አናደዳት።

ሸንጎው የሚቀመጠው ዱሮ የነጋዴ መጋዘን በነበረ አዳራሽ ነው። ቡና የተከማቸበት ሽታ ከቆርቆሮው አልወጣም፤ ግድግዳው ላይ ቀይ ጨርቅና መፈክር ተሰቅሏል። ሊቀመንበሩ ጓድ ሞሐሙድ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ በቀኙ የሴቶች ማኅበር ተወካይ፣ በግራው አቶ ገብረ መድኅን ተቀምጠዋል። ገብረ መድኅን በወጣትነታቸው ዲያቆን ነበሩ፤ አሁን ስለዚያ ዘመን ሲወራ ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ወደ ውጭ ያያሉ። በዛብህ ከፋብሪካ ቱታውን ሳይቀይር መጥቶ ነበር። እትዬ ብሎ ሊስማት ሲል አንገቷን አላዞረችለትም፤ ሄዶ አጎቱን ጉልበቱ ላይ ሳመው።

«አልሰረቅኋቸውም» አለ በዛብህ ሲጠየቅ። «እትዬ ገበያ በሄዱበት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው። ወንዙ ዳር በተከራየናት አንድ ክፍል ከየኔነሽ እናት ጋር ነን፣ የኔነሽ ልትወልድ ነው፣ ክረምት ጎርፉ ደጃችን ይደርሳል አልኳቸው። ልጁ እዚህ ግቢ ይወለድ አልኳቸው። አለቀሱ። ግራ እጃቸውን እሳቸው ናቸው የሰጡኝ።»

«ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?» አለች ጥሩወርቅ።

በዛብህ መሬት መሬቱን አየ። «እንቢ ይሉኛላ።»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ጓድ ሞሐሙድ ጠረጴዛውን በእርሳስ መታ መታ አደረገ። «እሳቸው አእምሯቸው አይሠራም ነው የሚሉት፣ እሜቴ?»

«አይሠራም። መናገር አይችልም፤ ውሃ እንኳ አይጠይቅም።»

«ዳዊታቸውን በየቀኑ ይደግሙ የለም?» አለ በዛብህ። «አንድ ቃል ብገድፍ አርጩሜ ያነሱብኝ የነበሩ ሰው ዛሬም አይገድፉም። ይህን ያህል የሚያስታውስ ሰው አእምሮ የለውም ይባላል?»

«ሃይማኖት የግል ጉዳይ ነው» አለች የማኅበሩ ተወካይ።

«ማስረጃ ከሆነስ?» አለ ሞሐሙድ። «ይበሉና እንስማ።»

«እሱ አይጀምርም» አለች ጥሩወርቅ፤ ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጠነከረ። «የምጀምርለት እኔ ነኝ። የጀመሩለትን ሁሉ ይላል። ዳዊቱ ቀን ቀን አለው፤ የሰኞ አለ፣ የሐሙስ አለ። ቀኑን የማውቀው እኔ ነኝ እንጂ እሱ አይደለም። የሌላ ቀን ብጀምርለትም ይከተለኛል።»

«ያሳዩን» አለ ሞሐሙድ።

ወንበሩ ፊት በርከክ አለች። ከቅርብ ስታየው ተሰማ እያያት ነበር፤ ሁልጊዜ እንደሚያያት፣ ዓይኑን ተክሎ። አፏን ስትከፍት አንዲት ቅጽበት የንጋቱ ድምፅ መጣባት፤ በጨለማ ጀርባዋን ሰጥታው ስትተኛ ከኋላዋ እንደ ሩቅ ባቡር የሚወርደው ድምፅ። ከዚያ መኪናዋ በረንዳ ላይ አቧራ ለብሳ ታየቻት። የሰኞን ጀመረች፤ ፊደል የቆጠረ ሁሉ የሚያውቀውን፣ አንዱ አፍ ሲጀምረው ሌላው አፍ ሳይወድ የሚቀጥለውን። «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ...»

ተሰማ ዝም አለ።

አልሰማኝ ይሆናል ብላ ደገመችው። ከውጭ የሃሺ ፈረስ ጭራውን ሲያወናጭፍ ይሰማል። የተሰማ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፣ ግን ድምፅ አልወጣም። ግራ እጁ ከጭኑ ተነሥቶ አንጓዋን ያዘ። አጥብቆ አልያዛትም፤ መኪናው ላይ እጇን ልትወጋ የደረሰችን ሴት እንደሚይዙት ነበር የያዛት። ከዚያ፣ ማንም ሳይጀምርለት፣ «እግዚአብሔር ቆመ ውስተ ማኅበረ አማልክት» አለ። ቀጠለም። እስከ መቼ በዓመፃ ትፈርዳላችሁ የሚለው ላይ ሲደርስ ገብረ መድኅን ጥርሳቸውን መጎርጎር ተዉ።

«ምንድነው የሚሉት?» አለ ሞሐሙድ ወደ እሳቸው ዘንበል ብሎ።

ገብረ መድኅን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የዕለቱ ነው» አሉ። «ዛሬ ሐሙስ ነው። ይሄ የሐሙስ መነሻ ነው።» ደግሞም፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ቀኑን ያውቃል» አሉ።

ከዚህ በኋላ የተባለውን ጥሩወርቅ በግማሽ ጆሮ ነው የሰማችው። አሻራው ጸንቷል፤ ክፍሏ ከመጪው ወር ጀምሮ የበዛብህ ናት፤ የልብስ ስፌቱ በረንዳ ላይ እንዲቀጥል ሸንጎው አይቃወምም። «መልካም ነው» አለች። ሌላ ምን ትላለች? አእምሮ የለውም ብላ የከሰሰችው እሷ፣ አእምሮ እንዳለው ያስመሰከረችውም እሷ።

በጋሪው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፀሐይ ስትጠልቅ የአሸዋው ሙቀት ከሥር ይወጣል። ጥሩወርቅ መንገዱን እያየች ስምንት ወር ሙሉ እሱ ፊት የተናገረችውን አንድ በአንድ ማንሣት ጀመረች፤ ላለማንሣት ብትሞክርም አልቻለችም። ስታጥበው እንደ ግንድ ከበድክ ያለችውን። ለካልቱን፣ ወይ ይማረው ወይ ይውሰደው ያለቻትን። ደግሞ አንድ ቀን፣ ዝናብ ሲጥል፣ ልጅ ያልወለድኩት ከእኔ ሳይሆን ከእሱ ነው ያለቻትን፤ ሃያ አምስት ዓመት ከአፏ ሳይወጣ የኖረውን ነገር፣ እሱ እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ። የዛሬውንም ምሳ። ካልቱን ስትመክራት፣ እሷ ስትስማማ፣ እሱ ፓስታውን ሲውጥ። ሁሉንም ሰምቷል። ሰምቶም ክፍሏን ሰጥቷል። መናገር ባይችል እጁን መሰብሰብ አያቅተውም ነበር፤ እንቢ ማለት ምላስ አይፈልግም። ይህን ስታስብ እፍረቷ ተመልሶ ንዴት ሆነ፣ ንዴቷ ደግሞ መሄጃ አጣ። ሃሺ «ኧረ ምነው ዝም አላችሁ፣ ተጣላችሁ እንዴ?» አለ እየሳቀ።

ወሩ እስኪያልቅ አልጠበቀችም። እንደደረሱ ተሰማን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ፣ መኪናዋን ከመስኮቱ ሥር እየጎተተች በረንዳው ላይ አወጣቻት። የመኪናዋ እግር ሲሚንቶውን እየፋቀ ሲጮህ ጎረቤት ሁሉ ብቅ አለ፤ ካልቱን እንኳ ከጓሮ በር ላይ አይታ ተመለሰች። በዛብህ በግቢው በር ገባ። «እትዬ፣ እኔ ልያዘው» አለ።

«ተወው።»

«መስኮቱን እኮ ልንዘጋው አይደለም፤ ቀን ቀን እዚያው መስፋት...»

«ተወው አልኩህ በዛብህ።»

ወደ አጎቱ አየ፣ ወደ እሷ አየ። ከዚያ ቆቡን አድርጎ ወጣ። ጥሩወርቅ መብራት አበራችና ሰማያዊውን ጨርቅ አውጥታ መኪናው ላይ ዘረጋችው። አንድ ጠርዝ ነው የቀረው። ሥራ ጀምራ ትታ አታውቅም፤ በዚህም ዕድሜዋ ለየኔነሽ ብላ አትጀምረውም።

መሸ። ተሰማ ከወንበሩ ያያታል። የሐሙስ ድርሻው ገና አላለቀም፤ የማታውን ክፍል በዚህ ሰዓት ነበር የሚወርደው፣ እሷ መነሻውን ስትሰጠው። ከንፈሩን ገጥሞ፣ ፊቱን ወደ እሷ መልሶ ይጠብቃል። ጥሩወርቅ መዘውሩን ማሽከርከር ተወች።

«ይጀምሩ» አለችው፣ ከወደቀ ወዲህ በተወችው አንቱታ። «እንደሚችሉ ዛሬ አገር አይቷል።»

አልጀመረም።

«ይጀምሩ እንጂ። ማንም አልከለከለዎት።»

የእሳት ራቶች አምፖሉን እየዞሩ ይጋጫሉ። መዘውሩን እንደገና ያዘችው፤ ጥቂት ሰፋች፤ ቀና ስትል አሁንም እንደዚያው ነው። የጀመሩለትን ብቻ የሚል መስሏት ስምንት ወር ሙሉ ንጋትና ማታ አጠገቡ ቁጭ ብላለች፤ በቀን ውስጥ ለእሱ ብላ የምትናገረው መነሻውን ብቻ ነበር። ከዚያ ውጭ ያለው ወሬዋ ሁሉ በእሱ ላይ የተነገረ እንጂ ለእሱ የተነገረ አልነበረም። ያ ሰው ግን በፈለገ ጊዜ ብቻውን መጀመር ይችል ኖሯል። አልጀመረም። ይጠብቃት ነበር።

አልለሰለሰችም። ሰማያዊው ጨርቅ እጇ ላይ ነው፣ ክፍሏም ሄዳለች፣ እሱም የሰጠው እያወቀ ነው። ይህን ሁሉ ነገ ጠዋት ፊት ለፊቱ ትነግረዋለች፤ ለካልቱን ሳይሆን ለእሱ። አሁን ግን ሌሊቱ ሊገባ ነው፣ እሱም እስኪነጋ ቢጠብቅ የሚጠብቅ ሰው ነው። ጥርሷን ነክሳ፣ እንደ ጸሎት ሳይሆን እንደ ብድር መመለስ አድርጋ፣ «ዘየኀድር በረድኤተ ልዑል» አለችው።

ተሰማ ተቀበላት። ከዚያ ወዲያ ያለውን እሷ አታውቀውም። እጇን መዘውሩ ላይ እንዳደረገች፣ ሳትሰፋ፣ እስኪጨርስ ተቀምጣ ሰማችው።